ስለ ቤንዚን ቧንቧ አዘረጋግና ስለ ግፊት መቆጣጠሪያ አቀማመጥ
(በት/ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የመካኒክ ክበብ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



በዛሬው የደስታ ቀን ሌሎቹ ክበቦች ስለ ታሪክ፥ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ስፖርት ተናግረዋል። እኛ የመካኒክ ክበብ አባላት የመረጥነው ግን ውፍረቷ ጣት ስለማታህል አንዲት ቧንቧ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አሥር ሰው አሳፍራ የደንገጎን ዳገት የምትወጣ አሮጌ ኮምቢ በደኅና መድረስዋና አለመድረስዋ ብዙ ጊዜ በዚህች ቧንቧ ላይ ነው። በውስጥዋ የሚቀመጡትም የራሳችን እናቶች፥ አባቶች፥ ወንድሞችና እኅቶች ናቸው።

እንደሚታወቀው ከተማችን የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ በደረሰ ጊዜ ወርክሾፑም አብሮት መጣ፤ ብዙ የድሬዳዋ አባቶች ብረት መቁረጥን፥ ማጣመምንና መበየድን የተማሩት እዚያ ነው። ይህ የእጅ ጥበብ ኋላ ለመኪና ጋራዦችም ተረፈ። ጎረቤታችን ሐረር በፔዦ 404 ታክሲዎችዋ ስም ያተረፈችውም፥ ከፋብሪካ ከወጡ ብዙ ዓመት ያለፋቸውን መኪናዎች የመካኒኮች ብልሃት ስላኖራቸው ነው።

ፎልክስዋገን ኮምቢ በ1950 እ.ኤ.አ. መሠራት ጀመረች፤ የመጨረሻዎቹም በብራዚል አገር እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ሲሠሩ ቆይተዋል። ፔዦ 404 ደግሞ በ1960 እ.ኤ.አ. ወጣች። ሁለቱን ብናስተያይ ጠቃሚ ትምህርት እናገኛለን። በፔዦዋ ሞተሩ ከፊት፥ የቤንዚን ሰልባትዮው ከኋላ ስለሆነ ቤንዚኑ በመኪናዋ ሆድ ሥር ረጅም መንገድ ይጓዛል። በኮምቢዋ ግን ሞተሩም ሰልባትዮውም ከኋላ ናቸው፤ መንገዱ አጭር ሲሆን ቤንዚኑና ትኩሱ ሞተር ጎረቤታሞች ሆነዋል። የአንደኛዋ ችግር ርቀት፥ የሁለተኛዋ ችግር ቅርበት ነው።

ሁለቱንም የሚፈትናቸው የአገራችን ሙቀትና ዳገት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ ወደ ሐረር ስንሄድ መንገዱ 2,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 78 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ግፊት ሲቀንስ ፈሳሽ ሁሉ ቶሎ ይፈላል። መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ ስታቃስት ሞተሩ ይግላል፥ የሚያቀዘቅዛት ነፋስም ያንሳል፤ ቤንዚኑ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ሆኖ የራሱን መንገድ ይዘጋል። ሾፌሩ ወርዶ በፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሲጠመጥም ያያችሁ ሁሉ ምክንያቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ቧንቧው እንዴት ይዘርጋ?

አንደኛ፥ ከማርሚታውና ከጭስ ማውጫው ይራቅ። ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከባትሪ ጋርም አብሮ አይታሰር። በተሳፋሪዎች ክፍል ውስጥም አይለፍ።

ሁለተኛ፥ ረጅሙ ክፍል የብረት ቧንቧ ይሁን። መዳብ ለማጣመም ቢመችም መንቀጥቀጥ ሲበዛበት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ቧንቧው በየ30 ወይም በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ከመኪናው አካል ጋር ይያዝ፤ ድንጋይ እንዳያገኘውም ከሆድዋ ዝቅ ብሎ አይንጠልጠል።

ሦስተኛ፥ ሞተር ይንቀጠቀጣል፥ የመኪናው አካል ግን እንደ ሞተሩ አይንቀጠቀጥም፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ለቤንዚን የተሠራ የጎማ ቱቦ ጥቂት ላላ ብሎ ይግባ። የውሃ ቱቦ በዚህ ቦታ አይሆንም። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 5 ከመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ እንደ ተጀመረ ይታወሳል፤ ኤታኖል አሮጌ ጎማን ያበላሻል። ስለዚህ ቱቦ ሲገዛ ይህን የሚችል መሆኑ ይጠየቅ፤ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ቱቦም ሳይውል ሳያድር ይለወጥ።

አራተኛ፥ ቧንቧው ቆርቆሮ በሚበሳበት ቦታ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይደረግለት። ስለታም ቆርቆሮ በመንቀጥቀጥ ብዛት ቱቦን እንደ ቢላዋ ይቆርጣል። በካርቡራተሩ አፍ ላይ ያለችው ትንሽ የናስ ቧንቧም ላልታ እንዳትወልቅ ዘወትር ትፈተሽ፤ በአሮጌ ኮምቢዎች ላይ ከሚታወቁት የእሳት ምክንያቶች አንዱ የእርስዋ መውለቅ ነው።

አሁን ወደ ግፊት መቆጣጠሪያው እንመለስ። የቀድሞው ፓምፕ ሲያረጅ ብዙዎች በቦታው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያስገባሉ። ካርቡራተሩ የሚፈልገው በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ፒ.ኤስ.አይ. ብቻ ነው፤ የመኪና ጎማ የሚነፋው ወደ 30 መሆኑን ብናስብ የዚያ አንድ አሥረኛ ያህል መሆኑ ነው። ከአዲስ መኪና የተፈታ የኢንጀክሽን ፓምፕ ግን ከጎማው ግፊት የሚበልጥ ሊገፋ ይችላል። በዚህ ጊዜ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው መርፌ መዝጋት ያቅታታል፤ ቤንዚኑም ሞልቶ በትኩሱ ሞተር ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ ለካርቡራተር የተሠራ ፓምፕ ይመረጥ፤ ግፊቱ ከተፈለገው በላይ ከሆነም መቆጣጠሪያ ይግባለት።

መቆጣጠሪያው በውስጡ ስስ ሽፋንና ሞላ አለው። ግፊቱ ሲበዛ ሽፋኑ ይገፋና በሩን ያጠብባል፤ ሲያንስ ሞላው ይመልሰውና በሩን ይከፍታል። ሲተከል በሞተሩ ላይ ሳይሆን በመኪናው አካል ላይ በጠንካራ ብረትና በቡሎን ይታሰር፤ ከጭስ ማውጫው ርቆ ለካርቡራተሩ ይቅረብ። የፍሰቱ ቀስት ወደ ካርቡራተሩ ይመልከት፤ ማስተካከያው ቡሎንም ካቻቢቴ በሚደርስበት በኩል ይሁን። ግፊቱ ሞተሩ እየሠራ በመለኪያ ይነበብ፤ በግምት አይሁን። ከተስተካከለ በኋላ ዳዶው ይጥበቅ።

የኤሌክትሪክ ፓምፑ ቦታ ከሰልባትዮው አጠገብ ዝቅ ብሎ ነው፤ ፊልትሮውም ከፓምፑ ይቅደም። ቤንዚን በረጅሙ ሲሳብ ግፊቱ ይወርዳል፥ በቀላሉም ይፈላል፤ ሲገፋ ግን ይህ ችግር ይቀንሳል። ደግሞም ሞተሩ በቆመ ጊዜ ፓምፑም የሚቆምበት ማቋረጫ ይኑረው። አለዚያ መኪናዋ ብትገለበጥና ቧንቧው ቢበጠስ ፓምፑ እሳቱን መመገቡን አይተውም።

ሥራው ሲጀመር ባትሪው ይፈታ፥ ሲጋራና ክብሪትም ይራቅ፤ የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ እሳትን ይጠብቃል። ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በደረቅ ወረቀት ይዳሰስ፤ ወረቀቱ ከረጠበ መኪናዋ ከጋራዡ አትውጣ። በውስጥዋም የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይቀመጥ፤ በቤንዚን እሳት ላይ ውሃ ቢያፈሱበት እሳቱ ይስፋፋል እንጂ አይጠፋም።

ወላጆቻችን ሆይ፥ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሰምታችኋል። ይሁንና ያሉት አሮጌዎቹ በአንድ ቀን ከመንገድ አይወጡም፤ የብዙ ቤተሰብ እንጀራም በእነርሱ ላይ ነው። ስለዚህ ባለመኪናው ቀለም ለመቀባትና ወንበር ለማልበስ ከማውጣቱ በፊት የጥቂት ሜትር ቧንቧና የአንድ መቆጣጠሪያ ዋጋ ያስቀድም። ተሳፋሪውም የቤንዚን ሽታ በሸተተው ጊዜ ዝም አይበል፤ «ወንድሜ፥ አቁምና እይልን» ይበል። ሾፌሩም ይህን እንደ ስድብ አይቍጠረው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ነው። እኛም በዚህ ት/ቤት የተማርነው ፊዚክስ ለፈተና ብቻ ሳይሆን በደንገጎ ዳገት ለሚጓዘው ሰው ጭምር እንዲጠቅም እንመኛለን። ከበዓሉ በኋላ ከሥራ ክፍላችን በር ላይ መለኪያችንን ይዘን እንቆያለን፤ አሮጌ መኪና ያላችሁ ወላጆች ብታመጡልን መጋጠሚያዎቹን በመምህራችን ፊት እናይላችኋለን።