ልሳነ ሀገርና ፍቅረ ሀገር በአንቶን ጉንተር ዘፈኖች



ከአገሩ ሰዎች በቀር ስሙን የሚያውቀው ጥቂት የሆነው አንቶን ጉንተር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1876 ዓ.ም.፣ ቦሄሚያን ከሳክሶኒ በሚለየው በኤርትስጌቢርገ ተራራ ላይ፣ ያን ጊዜ ጎተስጋብ፣ ዛሬ ቦዢ ዳር በምትባለው፣ ከባሕር ወለል ከ1000 ሜትር በላይ ከፍ ባለች ብርዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ የጥልፍ ንድፍ እየሣለ የሚኖር ሰው ነበርና፣ ልጁም እጁ ለሥዕል የተፈታ ሆኖ በቡክሆልትስ የድንጋይ ኅትመት ተማረ፤ በ1895ም ለሥራ ወደ ፕራግ ወረደ። በዚያም ናፍቆት የጸናበት ይህ ወጣት፣ የተራራው ልጆች ተሰብስበው በሚያመሹበት ጉባኤ ስለ ትውልድ ቤቱ በአገሩ የጀርመንኛ ዘዬ ዘፈን ደረሰ፤ የሰማው ሁሉ ግልባጭ ስጠኝ እያለ ቢያስቸግረው፣ ግጥሙን ከነዜማው ምልክትና ከነሥዕሉ በፖስት ካርድ አተመው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት በኅትመት ታሪክ ነውና። ጉንተር የተማረውን የድንጋይ ኅትመት ጥበብ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የፈለሰፈው አሎይስ ዜነፌልደር፣ ራሱ ተውኔት ደራሲ ሆኖ ድርሰቱን በርካሽ የሚያሳትምበትን ዘዴ ሲፈልግ የነበረ ሰው ነው። ሠራተኛው በባቫሪያ ከሶልንሆፈን በሚወጣው ልሙጥ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው ቀለም ይጽፋል፤ ድንጋዩን በውሃ አርሶ የማተሚያውን ቀለም ሲያንከባልልበት፣ ውሃ የያዘው ገጽ ቀለሙን ይገፋዋል፣ ቅባቱ ግን ይቀበለዋል። በቀጥታ በድንጋዩ ላይ የሚጽፍ ሰው ታዲያ ሁሉንም ገልብጦ ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ ግዴታው ነው።

በወጣትነቴ የማውቃቸው አንድ አረጋዊ ፊደል ለቃሚ፣ ከታተመው ወረቀት ይልቅ የተገለበጠውን የእርሳስ ፊደል ማንበብ ይቀላቸው ነበርና፣ ጎረቤት ደብዳቤ ሊያስነብብ ሲመጣ «መስታወት ይዘህ ና» ይሉት ነበር። ትስቃላችሁ፤ እሳቸው ግን የሚቀልዱ አይመስለኝም።

የድንጋይ ኅትመቱን ነገር የማነሣው በምክንያት ነው። የጉንተር ዘዬ በትምህርት ቤት የማይሰጥ፣ የተወሰነ የአጻጻፍ ሥርዓት የሌለው የአፍ ልሳን ነበር፤ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለሌላ አታሚ የሰጠ ሰው፣ አራሚው «አቃናሁልህ» ብሎ ወደ መጽሐፍ ጀርመንኛ ቢመልስበት ምን ይላል? ከእናንተም መካከል የመንዝን ወይም የጎጃምን አነጋገር እንደ ተሰማ ጽፎ ለጋዜጣ የላከ ካለ ይህን ሳያውቀው አይቀርም። ጉንተር ግን ደራሲ፣ ዜመኛ፣ ሠዓሊ፣ በኋላም በገዛ ስሙ አሳታሚ ነበርና፣ በአንደበቱና በወረቀቱ መካከል የገባ ሰው የለም፤ የተራራውን ልሳን ከአራሚ እጅ ያዳነው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከአገር ፍቅሩ ይልቅ ሙያው ነው። ካርዱም ርካሽ ስለ ነበር፣ መጽሐፍ የማይገዛው ሰው እንኳ ዘፈን ገዝቶ በፖስታ ለዘመዱ ይልክ ነበር።

ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ርእሴ ግን ፍቅረ ሀገር ነበር። በ1901 አባቱ ሲሞት ጉንተር ፕራግን ትቶ ወደ መንደሩ ተመለሰ፤ እያረሰና ጊታሩን ይዞ እየዞረ እየዘፈነም ኖረ። በ1908 የደረሰው፣ ጀርመናዊነትንና ነጻነትን የሚያወድሰው ዘፈን ከናፍቆት ወደ ፖለቲካ ያለፈበት ነው፤ ለእኔ ከመጀመሪያው ካርድ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በኋላ የመጡት ብሔርተኞች ግን ይህንኑ ወደዱት። እርሱም በ1937 በገዛ እጁ ሞተ።  ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመንኛ ተናጋሪው ሕዝብ ከቦሄሚያ ስለ ተባረረ፣ መቃብሩ በቦዢ ዳር ቢቀርም፣ ዘፈኖቹ ዛሬ ይበልጡን የሚዘፈኑት ከድንበሩ ማዶ በሳክሶኒ ነው።