ስለ መዝናኛ ፓርክ ነዳፊዎችና ስለ ኩባንያዎች ሽሚያ

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግርና የክርክር ክበብ ፊት የተደረገ ንግግር)



በዚህ መድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ትምህርት፥ ስለ ኤኮኖሚና ስለ አስተዳደር ስለሆነ፥ ዛሬ ስለ መዝናኛ ፓርክ እናገራለሁ ብዬ ስነሣ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁን አያለሁ። ፈገግታችሁን አልቀየመውም። ዳሩ ግን ነገሩ ስለ ጨዋታ አይደለም፤ ስለ ሥራ ነው። አንድ ሰው በአእምሮው ያፈለቀው ሐሳብ የማን ነው? ሐሳቡን የገዛው ኩባንያ ሰውየውንም ጭምር ገዝቷልን? ሥራውስ ባለቀ ጊዜ የሰውየው ዕድል ምን ይሆናል? ነገ ከዚህ ግቢ ወጥታችሁ በሥነ ሕንፃ፥ በምሕንድስና፥ በሥዕል ወይም በጽሕፈት እንጀራችሁን የምታገኙ ሁሉ ይህ ጥያቄ ሳይመጣባችሁ አይቀርም።

የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መዝናኛ ፓርክ ስል ዥዋዥዌና የሚሽከረከር የእንጨት ፈረስ የተተከለበትን ሜዳ ማለቴ አይደለም። ከመግቢያው በር እስከ መውጫው ድረስ ሁሉ ነገር አንድ ታሪክ እንዲናገር ተደርጎ የተሠራ ስፍራ ማለቴ ነው። የመንገዱ ድንጋይ፥ የመብራቱ ቀለም፥ የሠራተኛው ልብስ፥ ከሩቅ የሚሰማው ሙዚቃ፥ ሰው ተሰልፎ ተራውን የሚጠብቅበት ጥላ እንኳ ሳይቀር ታስቦበታል። ለዚህ ሥራ ሠዓሊ፥ መሐንዲስ፥ ደራሲ፥ ቅርፅ ሠሪ፥ የድምፅና የመብራት ባለሙያ፥ ዛሬ ደግሞ የኮምፒዩተር አዋቂ ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አለባቸው። እንዲህ ያለውን ሥራ በትልቁ የሚያሠራ ኩባንያ በዓለም ላይ ጥቂት ነው፤ ሥራውን አብጠርጥሮ የሚያውቀው ሰውም እንደዚሁ ጥቂት ነው። ሽሚያው የሚመጣው ከዚህ ነው።

እንዲያውም ሙያው ራሱ የተወለደው ሰውን ከሌላ ቤት በመውሰድ ነው ለማለት ይቻላል። ዎልት ዲስኒ በ1952 መጨረሻ ላይ ለዚህ ሥራ የሚሆን የተለየ ድርጅት ሲያቋቁም፥ እንዲህ ያለ ፓርክ ነድፎ የሚያውቅ ባለሙያ በገበያ ላይ አልነበረም። ስለዚህ ፊቱን ወደ ፊልም ቤቶች አዞረ። በዚያን ዘመን ቴሌቪዥን የሲኒማውን ተመልካች እየወሰደ ስለነበር የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ገቢ ቀንሶ ነበር፤ ለፊልም ቤተ መንግሥትና ጎዳና ከእንጨትና ከጨርቅ ሲሠሩ የኖሩ ነዳፊዎችም ሌላ ሥራ ቢጠሩ የሚጠሉ አልነበሩም። ማርቪን ዴቪስ ከትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ መጣ። በሴፕቴምበር 1953 ደግሞ ዲስኒ ኸርብ ራይማን የተባለውን ሠዓሊ በአንድ ቅዳሜ ጠርቶ፥ ወንድሙ ሮይ ሰኞ ዕለት ገንዘብ ለመለመን ወደ ኒው ዮርክ ስለሚሄድ የፓርኩን ሥዕል እስከዚያ እንዲያደርስለት ጠየቀው። ራይማን በዚያን ጊዜ የዲስኒ ደመወዝተኛ አልነበረም። ሆኖም ቅዳሜንና እሑድን ሲሥል ውሎ አድሮ አደረሰው። በ1954 ኤ. ቢ. ሲ. የተባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ 500,000 ዶላር አዋጥቶ፥ ለ4.5 ሚሊዮን ዶላር ብድርም ዋስ ሆነ፤ ዲስኒላንድም በጁላይ 17 ቀን 1955 በካሊፎርኒያ ተከፈተ።

እስቲ አሁን ሲ. ቪ. ዉድን ተመልከቱ። ዉድ ከስታንፎርድ የምርምር ተቋም መጥቶ የዲስኒላንድ የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆነ ሰው ነው። ፓርኩ ከተከፈተ ዓመት ሳይሞላው በ1956 ወጣና ማርኮ ኢንጂነሪንግ የሚባል የራሱን ድርጅት አቋቋመ፤ በፊልም ቤቶችና በዲስኒላንድ የሠሩ ሰዎችንም እየሰበሰበ ለሌሎች ባለ ወረቶች ፓርክ መንደፍ ጀመረ። ከሥራዎቹ ትልቁ በኒው ዮርክ፥ ብሮንክስ ውስጥ በ1960 የተከፈተው ፍሪደምላንድ ሲሆን፥ ቅርፁም እንደ አሜሪካ ካርታ ነበር። ዕድሜው አጭር ሆነና በ1964 ተዘጋ፤ ዛሬ በቦታው ላይ የመኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል። ነገር ግን ከዉድ ጋር ከሠሩት አንዱ፥ ቀድሞ በኤም. ጂ. ኤም. የፊልም ትዕይንት ነዳፊ የነበረው ራንዳል ዱዌል፥ በ1961 የተከፈተውን ሲክስ ፍላግስ ኦቨር ቴክሳስን ነድፎ ከዚያ በኋላ በአሜሪካ በየክፍለ ሀገሩ ፓርክ የሚተክል ሰው ሆነ። እንግዲህ ዲስኒ ከፊልም ቤቶች የወሰደውን ሙያ ሌሎች ደግሞ አምስት ስድስት ዓመት ሳይሞላ ከእሱ ቤት ወሰዱት ማለት ነው። (ዉድ ኋላ የለንደንን ድልድይ ድንጋይ በድንጋይ አስፈትቶ ወደ አሪዞና በረሃ ባስመጣው ሥራ ውስጥም እጁ አለበት። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ጡረታውን ይጠብቃል ብሎ ማሰብ ከባድ ነው።)

ብዙ ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ሰውየው በገንዘብ ተታሎ ጌታውን ከዳ ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ ትልቅ ፓርክ ከሐሳቡ እስከ ምርቃቱ አምስት፥ ስድስት፥ ከዚያም በላይ ዓመት ይፈጃል። በመካከሉ ብዙ መቶ፥ አንዳንዴም ከሺህ የሚበልጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ሪባኑ በተቆረጠ ማግሥት ግን አብዛኛው አያስፈልግም። በአገራችን አዝመራ ሲደርስ ደቦ ይጠራል፤ እህሉ ሲገባ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ነገር ግን ደቦኛው የሚመለስበት የራሱ ማሳ አለው፤ ነዳፊው የለውም። ዲስኒ በኦክቶበር 1982 ኤፕኮትን በፍሎሪዳ፥ በኤፕሪል 1983 ደግሞ የቶኪዮውን ዲስኒላንድ ከፈተ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ለማድረስ የተሰበሰበው የሰው ብዛት ሥራው ሲያልቅ ተበተነ። የተበተነው ሰው ግን የተማረውን አልረሳም። ከቀድሞዎቹ የዲስኒ ሰዎች መካከል ሞንቲ ለንዴ ከባልደረባው ጋር በ1984 ቴክኒፌክስን አቋቋመ፤ በ1991ም በየቦታው የተበተኑትን ትናንሽ ድርጅቶች የሚያገናኝ የሙያ ማኅበር እንዲቆም ግንባር ቀደም ሆነ። ከዚያ በፊት ወጥተው የነበሩት ጋሪ ጎዳርድና ቦብ ሮጀርስም እንዲሁ የየራሳቸው ቤት ነበራቸው። የጎዳርድ ድርጅት ለዩኒቨርሳል የሠራቸው ትርዒቶች በ1996 ሲከፈቱ ለዲስኒ ብርቱ ተወዳዳሪ ሆኑበት። ይህን ተወዳዳሪ ያሠለጠነው ራሱ ዲስኒ ነው።

በኦርላንዶ ከተማ ነገሩ ይበልጥ ተካረረ። ዲስኒ በፊልም ሥራ ላይ የተመሠረተውን ፓርኩን በሜይ 1989 ሲከፍት ዩኒቨርሳል የራሱን በጁን 1990 ከፈተ፤ በ1999ም ሁለተኛውን ጨመረ። ሁለቱ ግቢዎች በመኪና የግማሽ ሰዓት ያህል ቢራራቁ ነው። ነዳፊው ቤቱን ሳይለውጥ፥ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሳያስወጣ፥ ጠዋት የሚታጠፍበትን መንገድ ብቻ ለውጦ ለተቃራኒው ወገን ሊሠራ ይችላል። መንገዱም በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም። ስኮት ትሮብሪጅ በዩኒቨርሳል ትልልቅ ሥራዎችን መርቶ በ2007 ወደ ዲስኒ ተሻገረ፤ በ2019 የተከፈተውን የስታር ዎርስ ክፍልም የመራው እሱ ነው። ሽሚያው ከፓርኮቹ አጥር ውጭም ወጥቷል። በ1998 የተከፈተውን የዲስኒን አኒማል ኪንግደም የመራው ጆ ሮድ፥ ከአርባ ዓመት አገልግሎት በኋላ በ2021 መጀመሪያ ጡረታ ሲወጣ የወሰደው ሌላ ፓርክ ሳይሆን ሰውን ወደ ሕዋ የሚያሳፍረው ቨርጂን ጋላክቲክ ነው።

እዚህ ላይ የሕግ ተማሪዎች ጆሯችሁን አቅኑልኝ። ነዳፊው ሲቀጠር የሚሥለው ሁሉ የኩባንያው ንብረት እንዲሆን ይፈርማል፤ ሲወጣም አንዲት ወረቀት ይዞ መውጣት አይችልም። ይህ ተገቢ ነው፤ ደመወዝ የተከፈለበት ነውና። ዳሩ ግን ሙያ በልብ ነው እንዲሉ፥ በእጁና በዓይኑ የገባው ዕውቀት አብሮት በበሩ ይወጣል። ታዲያ ኩባንያው «ከእኔ ከወጣህ ለተወዳዳሪዬ አትሠራም» የሚል ውል ሊያስፈርመው ይችላልን? በካሊፎርኒያ አይችልም፤ ከ1872 ጀምሮ የቆየ ሕግ እንዲህ ያለውን ውል ዋጋ ያሳጣዋል። በፍሎሪዳ ግን ይቻላል፤ እንዲያውም በ2025 የጸናው አዲስ ሕግ ከፍ ያለ ደመወዝ ያላቸውን ሠራተኞች እስከ አራት ዓመት ድረስ ከተወዳዳሪ ሥራ ለማገድ የሚያስችል ነው። በአንድ አገር፥ በአንድ ሙያ፥ ለአንድ ኩባንያ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች በሚኖሩበት ክፍለ ሀገር ምክንያት አንዱ ነፃ ሌላው እስረኛ ሊሆን ነው። አራት ዓመት እጁን ያጣጠፈ ሠዓሊ ምን ሠዓሊ ይሆናል?

ስለ ስምም አንድ ነገር ልናገር። ፊልም ሲያልቅ የመብራት ሠራተኛው ስም ሳይቀር በመጋረጃው ላይ ይወጣል። የፓርክ ነዳፊ ስም ግን በሠራው ነገር ላይ አይጻፍም። በዲስኒላንድ የታወቀ አንድ ልማድ አለ፤ ብዙ ላገለገሉት ሰዎች በዋናው ጎዳና ቤቶች መስኮት ላይ ስማቸው እንደ ሱቅ ባለቤት ስም ሆኖ ይጻፋል። ውብ ልማድ ነው፤ ነገር ግን መስኮቱ ጥቂት፥ ሰው ብዙ ነው። ስሙ ያልታወቀ ሰው ደግሞ በሌላ ቤት ሥራ ሲጠይቅ «ይህን የሠራሁ እኔ ነኝ» ቢል ማን ያምነዋል? ስምን መንፈግ ሰውን በቤት ለማስቀረት ከሚጠቅሙት መንገዶች አንዱ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ያለፉትን ጥቂት ዓመታት ብንመለከት ደግሞ የባሰ ነው። በ2020 ወረርሽኙ ፓርኮቹን ሲዘጋ ዲስኒ ከፓርኮችና ከተያያዙት ክፍሎች 28,000 ሰዎችን እንደሚያሰናብት በሴፕቴምበር አስታወቀ፤ ነዳፊዎችም ከዚህ አላመለጡም። በጁላይ 2021 ደግሞ ወደ 2,000 የሚሆን የሥራ ቦታ፥ አብዛኞቹን የካሊፎርኒያ ነዳፊዎቹን ጨምሮ፥ ወደ ፍሎሪዳ እንዲዛወር ወሰነ። አንዳንዶች ቤታቸውን ሸጠው ሄዱ፤ አንዳንዶች ከዘመድ ከወዳጅ አንለይም ብለው ሥራቸውን ለቀቁ። በሜይ 2023 ኩባንያው ዕቅዱን ሰረዘው። ቤቱን የሸጠው ሰው ምን ይበል? በ2024 ከሄዱት መካከል ሁለቱ ክስ መሠረቱ። በዚያው ዘመን ዩኒቨርሳል በወረርሽኙ ምክንያት አቁሞት የነበረውን ኤፒክ ዩኒቨርስ የተባለ ፓርክ በማርች 2021 እንደገና ጀምሮ ሰው ይፈልግ ነበር፤ በሜይ 22 ቀን 2025ም ከፈተው። ዲስኒም በሴፕቴምበር 2023 በአሥር ዓመት ውስጥ ለፓርኮቹና ለመርከቦቹ ወደ 60 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ አስታውቋል። እንግዲህ በ2020 ሂዱ የተባሉት በ2023 ኑ ይባላሉ።

ለኩባንያዎቹም ፍርድ ልስጥ። ሥራ በሌለበት ዓመት ለሺህ ሰው ደመወዝ ክፈሉ ማለት ቀላል አይደለም፤ የተቀመጠ ወረትም አሳቢ ይፈልጋል። ሆኖም ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ያው የተለመደው ነው፤ በጥጋብ ጊዜ በደመወዝ መሻማት፥ በችግር ጊዜ መበተን። ሁለተኛው ጥቂቶችን ሳይሆን ብዙዎቹን በዝግታ፥ በትናንሽ ሥራዎች እያፈራረቁ ማቆየት ነው፤ ትርፉ ባንድ ዓመት አይታይም፤ ያልተከፈለውን የማሠልጠኛ ወጪና ተወዳዳሪ ቤት ያልገባውን ሰው ግን ማን ይቈጥረዋል? ባለሙያ ጠፋ የሚለውን የኩባንያዎች አቤቱታ እኔ በግማሽ ጆሮ ነው የምሰማው። ጠፋ የሚሉት ሰው ትናንት በበራቸው የወጣው ነውና።

ሽሚያው አሁን ወደ ተማሪ ቤትም ገብቷል። ዲስኒ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የንድፍ ውድድር እያዘጋጀ ምርጦቹን ሲመለምል ቆይቷል። በሜይ 2025 ደግሞ ከአቡ ዳቢው ሚራል ጋር በባሕረ ሰላጤው ዳር አዲስ ዲስኒላንድ እንደሚሠራ ተነግሯል፤ ንድፉ የዲስኒ፥ ወጪውና ግንባታው የሚራል ነው። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ነዳፊ ከካሊፎርኒያ እንደሚሄድ፥ ስንቱስ እዚያው በአካባቢው ተምሮ እንደሚቀጠር፥ በምን ዓይነት ውልም እንደሚፈርም ገና የሚታይ ነው። ከእኛ የአራት ሰዓት ያህል በረራ ነውና የሥነ ሕንፃ ክፍል ተማሪዎች ጉዳዩን ብትከታተሉት አይከፋም።

ሊቀ መንበሩ ሰዓታቸውን እየተመለከቱ ነው። ከሕግ ክፍል በኩል ስለ ፍሎሪዳው ሕግ ጥያቄ ይኖራል ብዬ እጠብቃለሁ፤ እሱን ከአሁኑ ብንጀምር ደስ ይለኛል።