የማይል ሒሳብ
ስለ አየር መንገዶች ኅብረትና ስለ ተጓዡ ጥቅም ለሒሳብ ባለሙያዎች ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



የሒሳብ ሰው የሌላውን መዝገብ ሲመረምር አንዲት ሳንቲም ብትጎድል ዕረፍት አያገኝም። ይሁን እንጂ ይኸው ባለሙያ ለስብሰባ፣ ለትምህርት ወይም ለዘመድ ጥየቃ በአየር ሲመላለስ በስሙ የሚመዘገብለትን ማይል አብዛኛውን ጊዜ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የአባልነት ካርዱ ከኪስ ቦርሳው ውስጥ ተረስቶ ይኖራል፤ ዘመኑ ሲያልፍም የተጠራቀመው ሁሉ ይሠረዛል። የዚህ ንግግር ዓላማ ማይል ምን ዓይነት ሀብት እንደ ሆነ፣ የአየር መንገዶች ኅብረትም ዋጋውን እንዴት ከፍ ሊያደርገው እንደሚችል በሒሳብ ዓይን ማሳየት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልማዱ ምንጭ አሜሪካ ነው። የዚያ አገር መንግሥት በ1978 ባወጣው ሕግ በአየር መንገዶች የዋጋና የመሥመር ምርጫ ላይ የነበረውን ቁጥጥር ስላነሣ፣ ኩባንያዎቹ መንገደኛን ለመሳብ ብርቱ ሽሚያ ገቡ። በዋጋ ቅነሳ ብቻ መፎካከር ትርፍን የሚያሟጥጥ በመሆኑ፣ አሜሪካን ኤርላይንስ በሜይ 1981 ደጋግሞ የሚሳፈረውን ደንበኛ የበረራ ርቀት እየመዘገበ በነፃ ቲኬት የሚክስበትን «አድቫንቴጅ» የተባለ ፕሮግራም አቋቋመ። ዩናይትድም በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከተለው። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ አየር መንገዶች የየራሳቸውን መዝገብ ከፍተዋል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መዝገብም ሼባማይልስ ይባላል።

ነገር ግን የአንድ ኩባንያ መዝገብ ብቻውን ጠባብ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አውሮፕላን መንገደኛውን ዋሽንግተን ወይም ቺካጎ ያደርሰዋል እንጂ ከዚያ አሳፍሮ ወደ ዴንቨር አይወስደውም፤ በአሜሪካ ምድር ከከተማ ወደ ከተማ መንገደኛ የማመላለስ መብት ለአገሪቱ አየር መንገዶች የተጠበቀ ነውና። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ አንዱ የጎደለውን ሌላው እንዲሞላለት በማሰብ ሉፍታንዛ፣ ዩናይትድ፣ ኤር ካናዳ፣ የስካንዲኔቪያው ኤስ ኤ ኤስና ታይ ኤርዌይስ በሜይ 1997 ስታር አሊያንስን መሠረቱ። በ1999 ዋንወርልድ፣ በ2000 ደግሞ ስካይቲም ተቋቋሙ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዲሴምበር 2011 የስታር አሊያንስ አባል ሆኗል። ከነዚህ ከሦስቱ ኅብረቶች ውጭ ሁለት ኩባንያዎች ብቻ የሚዋዋሉት ስምምነትም አለ፤ ኤሚሬትስና የአውስትራሊያው ኳንታስ በ2013 ሥራ ላይ ያዋሉት ሽርክና ለዚህ ምሳሌ ይሆናል።

ብዙ ተጓዦች የሚሳሳቱበት ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ኅብረት ማለት የጋራ ካዝና ማለት አይደለም። በሼባማይልስ የተመዘገበ ማይል ወደ ዩናይትድ መዝገብ አይሻገርም፤ የዩናይትዱም ወደ ሉፍታንዛ አይሄድም። የሚሻገረው ማይሉ ሳይሆን መብቱ ነው። ይኸውም መንገደኛው በአንዱ አባል አውሮፕላን በርሮ በሌላው አባል መዝገብ ማይል ለማስቆጠር፣ በአንዱ መዝገብ ባጠራቀመውም ማይል በሌላው አውሮፕላን ለመሳፈር ይችላል ማለት ነው። ኩባንያዎቹ በመካከላቸው በተዋዋሉት ዋጋ ይተሳሰባሉ። ለነፃ ቲኬት ስንት ማይል እንደሚጠየቅ የሚወስነው ግን መዝገቡን የያዘው ኩባንያ ነው። ስለዚህም በአንድ ቀን በአንድ አውሮፕላን ላይ ያለው አንዱ መቀመጫ በአንዱ መዝገብ በርካሽ፣ በሌላው በውድ ሊገኝ ይችላል። አንድ በረራ የሚመዘገበው በአንድ መዝገብ ላይ ብቻ በመሆኑ፣ የትኛው ይሁን የሚለው ውሳኔ መደረግ ያለበት ከጉዞው በኋላ ሳይሆን ከጉዞው በፊት ነው።

ማይል ስጦታ ነውን? የሙያው ደንብ አይደለም ይላል። ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ቁጥር 15 መሠረት፣ አየር መንገዱ ከቲኬቱ ዋጋ ለማይል የሚደርሰውን ድርሻ ለይቶ፣ ማይሉ ጥቅም ላይ እስኪውል ወይም ዘመኑ እስኪያልፍ ድረስ በዕዳነት ይይዘዋል። እንግዲህ ተጓዡ ዋጋውን አስቀድሞ የከፈለበት ነገር ነው፤ ዝም ብሎ ሲያስቀረው የራሱን ገንዘብ ለባለ ዕዳው ይመርቃል።

ሆኖም ይህ ዕዳ ከሌላው ዕዳ የሚለይበት ጠባይ አለው። የመክፈያውን ልክ የሚወስነው ራሱ ባለ ዕዳው ነው። ዴልታ በ2015፣ ዩናይትድም በ2019 ለነፃ ቲኬት የሚጠየቀውን የማይል መጠን የሚያሳየውን ቋሚ ሰንጠረዥ አንሥተው ዋጋው እንደ ገበያው እንዲለዋወጥ አድርገዋል። ባለ ዕዳው ከናካቴው ሊወድቅም ይችላል። የጀርመኑ ኤር በርሊን በኦገስት 2017 መክፈል አቅቶት ለፍርድ ቤት ባመለከተ ጊዜ የማይል ፕሮግራሙም ወዲያው ተከትሎት ወደቀ፤ አባላቱም በማይላቸው ሊገለገሉ አልቻሉም። የኅብረት አባልነትም ዘለዓለማዊ አይደለም፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ኤስ ኤ ኤስ በ2024 ከስታር አሊያንስ ወጥቶ ወደ ስካይቲም ገብቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ማይል የሚቀመጥ ጥሪት ሳይሆን በጊዜው ሊወሰድ የሚገባው ተሰብሳቢ ሒሳብ ነው። ወለድ የለውም፤ ዋጋው ግን ሊረክስ ይችላል።

አሰባሰቡን ለመመዘን ቀላል ስሌት ይበቃል። የቲኬቱ የገንዘብ ዋጋ ተይዞ፣ በነፃ ቲኬቱ ላይ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ቀረጥና ክፍያ ይቀነሳል፤ ውጤቱ በሚጠየቀው ማይል ይካፈላል። ለምሳሌ ያህል 900 ዶላር የሚሸጥ ቲኬት በ30,000 ማይልና በ90 ዶላር ቢገኝ፣ 810 ዶላር ለ30,000 ሲካፈል አንዱ ማይል 2.7 ሳንቲም አወጣ ማለት ነው። 300 ዶላር የሚሸጥ አጭር በረራ 25,000 ማይልና 50 ዶላር ቢጠየቅበት ግን አንዱ ማይል የሚያወጣው 1 ሳንቲም ብቻ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ገንዘቡን ከፍሎ ማይሉን ማቆየት፣ በመጀመሪያው ጊዜ ማይሉን መስጠት ይሻላል። ጠንቃቃ ሰው በገንዘብ ቢከፍል ኖሮ ያገኘው የነበረውን አዲስ ማይል ጭምር ከሒሳቡ ያገባል። አንዳንድ ፕሮግራሞች በነፃ ቲኬት ላይም የነዳጅ ጭማሪ ያስከፍላሉ፤ ሌሎቹ አያስከፍሉም። «ነፃ» የተባለው ቲኬት ብዙ መቶ ዶላር የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ኅብረቱ ከነፃ ቲኬት ሌላ የሚሰጠው ጥቅም ማዕርግ ነው። በአንዱ መዝገብ ደጋግሞ በመብረር ለስታር ጎልድ ደረጃ የበቃ ሰው በኅብረቱ አየር መንገዶች ዘንድ በተለየ ሰልፍ ይስተናገዳል፤ በማረፊያ ክፍልም ይቀመጣል። ሻንጣ የማይፈቅድ ርካሽ ቲኬት ካልሆነም፣ ጓዝ በኪሎ በሚለካበት መሥመር 20 ኪሎ፣ በቁጥር በሚለካበት ደግሞ አንድ ሻንጣ ይጨመርለታል። ለቤተሰቡ በርበሬና ሽሮ፣ ለዘመድ አዝማድ ልብስና መድኃኒት ተሸክሞ በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ለሚመላለሰው ኢትዮጵያዊ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም አንዱን ጉዞ በዚህ፣ ሌላውን በዚያ የሚያስመዘግብ ሰው ሁሉም ዘንድ ጀማሪ እንደ ሆነ ይቀራል። የኅብረቱ ምሥጢር ብዙ አውሮፕላን፣ አንድ መዝገብ ነው።

ለሥራው ጥቂት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። ርካሽ የቲኬት መደቦች ሙሉ ማይል ላያስገኙ ስለሚችሉ ከመግዛት በፊት የመደቡን ፊደል መመልከት ይገባል። የበረራው ቁጥር የአንዱ፣ አውሮፕላኑ የሌላው ሲሆንም ማይሉ በየትኛው ደንብ እንደሚታሰብ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመሳፈሪያው ካርድ ማይሉ መመዝገቡ እስኪረጋገጥ ድረስ አይጣልም። በአሜሪካ የባንክ ካርድ ነጥብ ያለው ሰው ደግሞ ነጥቡ ወደ አየር መንገድ መዝገብ ከተላለፈ ወደ ኋላ እንደማይመለስ ይወቅ፤ አስቀድሞ መቀመጫው መኖሩን ሳያረጋግጥ የሚያስተላልፍ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ይደርስበታል።

በመጨረሻም በዚህ ጉባኤ ፊት ሳይነሣ ሊታለፍ የማይገባው ጥያቄ የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በመሥሪያ ቤት ገንዘብ ከተገዛ ቲኬት የተገኘው ማይል የማን ነው? የአገሮች መልስ አንድ አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ከ2001 መጨረሻ ጀምሮ የፌዴራል ሠራተኞች ለግላቸው እንዲጠቀሙበት ሲፈቅድ፣ የጀርመን ፌዴራል የሥራ ፍርድ ቤት በ2006 አሠሪው ከከፈለበት ጉዞ የተገኘው ማይል ለአሠሪው ሊመለስ የሚገባ መሆኑን ወስኗል። ደንብ ባልወጣበት መሥሪያ ቤት ሠራተኛው ማይል የሚያበዛለትን ውድ ቲኬት እንዲመርጥ የሚገፋፋ ፈተና ይኖራል። የቲኬት ደረሰኝ የሚመረምር የሒሳብ ባለሙያ ይህን ፈተና በሌላው ላይ ከማየቱ በፊት በራሱ መዝገብ ላይ ሊያየው ይገባል፤ መሥሪያ ቤቱም መልሱን በጽሑፍ ቢያስቀምጥ ለሁሉም ይበጃል።

ማይል በውል የተገኘ ሀብት ነው። ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ከታወቀ፣ በአንድ መዝገብ ከተሰበሰበ፣ በስሌት ከተመዘነና ሳይዘገይ ከተሠራበት፣ ኅብረቱ ለአየር መንገዶቹ ብቻ ሳይሆን ለተጓዡም የተቋቋመ ያህል ይሆናል።