ሥላሴ፦ አንድ ከተማ፣ የተለያየ ትምህርት

እሑድ ጠዋት በአርባ ምንጭ የኦርቶዶክሱ ቅዳሴና የወንጌላውያኑ መዝሙር አብረው ይሰማሉ። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሁለቱም አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ በአካል ሦስት፣ በመለኮት አንድ ናቸው ይላሉ። ስለ ክርስቶስ ግን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መለኮትና ሥጋ ያለ መቀላቀል አንድ ባሕርይ ሆኑ ስትል፣ ወንጌላውያን በአንዱ ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አለ ይላሉ። በሀገራችን ያለችው ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን ሦስት አካል የሚለውን አትቀበልም፤ በኢየሱስ ስም ታጠምቃለች። የይሖዋ ምሥክሮች ኢየሱስን ከአብ ጋር እኩል አያደርጉትም።

ስለ ክርስቶስ የሚደረገው ክርክር በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም የቆየ ነው። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የክርስቶስን «ሁለት ልደት»፣ ማለትም ከአብና ከማርያም መወለዱን፣ አጽንቶ፣ በመንፈስ ቅዱስ መቀባቱን እንደ ሌላ ልደት የሚቆጥረውን «ሦስት ልደት» አወገዘ።

ልዩነት ግን ጠብ መሆን የለበትም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በዚሁ በአርባ ምንጭ የጋሞ አባቶች የሰላም ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጣ ወጣት መለሱ። ስለ እምነት ስንወያይም ያንን ሣር እንያዝ።