ጡት ላይ የሚወጣ ጉብታ

ዛሬ ፊደል አንቆጥርም። ዛሬ የምናወራው ስለ ጡት ነው። ሳቅ የመጣበት ይሳቅና ይጨርስ፤ ከዚያ ያዳምጠን። ይህ በሽታ እኮ ጥቂትም ቢሆን ወንድን ይይዛል።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት በኋላ አንዲት እናት ወደ ኋላ ቀሩ። ስማቸውን አንናገርም፤ ነገሩን እንድናወራው ግን ፈቅደውልናል። «ልጆቼ፣ እዚህ ጋ ሽምብራ የምታህል ነገር አለች። አታመኝም» አሉን። መቼ ወጣች ብንላቸው «ከመስቀል ወዲህ» አሉ። ሐኪም ዘንድ ብሄድ ጡቴን ይቆርጡታል፤ ከተቆረጥኩም አልድንም ብለው ፈርተው ዝም አሉ። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ቅዳሜ ገበያ ስንወርድ ጤና ጣቢያ ገብተን ጠየቅን።

የሚያታልለው አለማመሙ ነው። የጡት ነቀርሳ፣ ካንሰር የሚሉት፣ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ጉብታ ሁሉ ነቀርሳ አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛው አይደለም። ግን በጣት ዳብሶ ብቻ መለየት አይቻልም። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ይልካል፤ እዚያ ከጉብታው በመርፌ ጥቂት ተወስዶ ይመረመራል። ቅጠል መለጠፍና መተኮስ ጊዜ ይበላል እንጂ ይህን አይነግርም።

ነቀርሳ ሆኖ ቢገኝስ? ገና ትንሽ ከሆነና ካልተሰራጨ፣ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛው ጡቱን በሙሉ ማውጣት ነው። ሌላው ጉብታውን ከዙሪያው ካለው ትንሽ ጤነኛ ሥጋ ጋር አውጥቶ፣ የቀረውን ጡት በጨረር ማከም ነው። «ግማሹ ቀርቶ እንዴት ይዳናል?» ትሉ ይሆናል። እኛም ብለናል። በአሜሪካና በኢጣሊያ ሐኪሞች በሁለቱም መንገድ የታከሙ ሴቶችን 20 ዓመት ያህል ተከታተሉ። ውጤቱ በ1995 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። በሕይወት በመቆየት በኩል ልዩነት አልተገኘም። ጡቱ በቀረላቸው ዘንድ ግን በሽታው እዚያው ጡት ላይ የመመለሱ ነገር ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ክትትል አይቀርም።

እንግዲህ ችግሩ ጨረሩ ላይ ነው። ጨረር በማሽን ይሰጣል። አንዱ ቀን ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ግን ሳምንታት ይፈጃል። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የሚሰጠው አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በኋላ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል። ከተማ ዘመድ የሌላት፣ ከብትና ልጅ ትታ ያን ያህል መቆየት የማትችል ሴት፣ ጡቷ በሙሉ ቢወጣ ትመርጥ ይሆናል፤ ያኔ ብዙ ጊዜ ጨረር ላያስፈልግ ይችላል። ይህን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ የምትወስነው እሷ ናት። ባል ያማክራት፣ አይወስንባት።

በብብት ሥር ያሉት ዕጢዎችም ይመረመራሉ። ለአንዳንዷ በደም ሥር የሚገባ መድኃኒት ለወራት ይታዘዛል፤ ጠጉር ይረግፋል፣ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ነቀርሳው በሴት ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን አለ። በየቀኑ፣ ቢያንስ 5 ዓመት ይዋጣል። ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ የለም።

ሰኞ ጧት ወደ ጤና ጣቢያ እንወርዳለን። እኒያ እናትም ይሄዳሉ። ሌላ የምትሄድ ካለች እስከ እሑድ ትንገረን፤ በቅሎ ያለው አባትም ቢያውሰን ደስ ይለናል።