ስልክና መለኪያ እንዴት ይገናኛሉ?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ብሉቱዝ ነው። በጎንደር ከተማም ሆነ በገጠር ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ ስንቀባበልበት ኖረናል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ባትሪ የሚቆጥብ ዓይነት ወጣ።

የደባርቅንና የዳባትን ጭጋግ እናስብ። ጭጋግ ሲወርድ እረኛ ጓደኛውን አያየውም። አንዱ ይጣራል፤ ሌላው ያዳምጣል፤ ከዚያ ይገናኛሉ። ብሉቱዝም እንዲሁ ነው። የደም ግፊት መለኪያን የመሰለ ዕቃ በሬዲዮ ሞገድ ስሙን ይጠራል። ጠርቶ ያርፋል፤ እንደገና ይጠራል። ስለሚያርፍ ትንሽ ባትሪ ለብዙ ጊዜ ትበቃዋለች። ስልኩ የሰማቸውን ስሞች ይዘረዝራል። እኛም የዕቃችንን ስም እንነካለን። ሲገናኙ የተለካውን ቁጥር በስልኩ መተግበሪያ ላይ እናነባለን።

ስሙ ካልወጣስ? በመጀመሪያ የስልኩ ብሉቱዝ መከፈቱን እንይ። ቀጥሎ ዕቃውን እናቅርበው፤ ርቀትና ግድግዳ ጥሪውን ያደክሙታል። ቆየት ያሉ አንዳንድ ስልኮች ያለንበትን ቦታ ለማወቅ ፈቃድ ካልሰጠናቸው አይፈልጉም። ደግሞም ብዙው ዕቃ ከሌላ ስልክ ጋር ከተገናኘ መጣራቱን ይተዋል። ስለዚህ ከዚያኛው ስልክ እናላቅቀው።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። የሚጣራ ሁሉ የእኛ አይደለም። የጎረቤትን መለኪያ ብናገናኝ የሰው ደም ግፊት የራሳችን መስሎን በከንቱ እንደነግጣለን፤ ወይም ታመን ሳለ ደህና ነን እንላለን። ስሙ አብዛኛውን ጊዜ በላቲን ፊደል ይጻፋል። በዕቃው ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር እናስተያየው። የማናውቀው ስም «እንገናኝ» ቢለን እሺ አንበል። ማታ በር ሲንኳኳ «ማን ነው?» ሳንል አንከፍትምና።