ፖስት ካርድ እናንብብ



ፊደል ለይታችኋል። ቃል ገጣጥማችሁ ማንበብ ጀምራችኋል። ዛሬ አብረን የምናነበው ግን መጽሐፍ አይደለም፤ ጋዜጣም አይደለም። ፖስት ካርድ ነው።

ፖስት ካርድ ከእጅ መዳፍ ጥቂት የሚበልጥ ጠንካራ ወረቀት ነው። በአንድ ፊቱ ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ አለበት። በሌላው ፊቱ አድራሻና ሰላምታ ይጻፍበታል፣ ቴምብር ይለጠፍበታል። በፖስታ ሳይታሸግ እንዲሁ ይላካል። የመንግሥት ፖስት ካርድ በመጀመሪያ ያወጣው የኦስትሪያና ሀንጋሪ መንግሥት ነው፤ ጊዜውም 1869 ነበር። የመጀመሪያው ካርድ ሥዕል አልነበረበትም። ሥዕሉ ኋላ መጣ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

እስቲ በካርድ ወደ አንዲት መንደር እንሂድ። ስሟ ብሬነር ይባላል። የምትገኘው በአውሮፓ፣ አልፕስ በሚባሉት ተራሮች መካከል ነው። ከፍታዋ 1,370 ሜትር ያህል ነው። ይህ ለደጋ ሰው ብዙ አይመስልም። ነገር ግን ዙሪያዋን ያሉት ተራሮች ከእሷ እጅግ ይረዝማሉ። እሷ በመካከላቸው ዝቅ ያለች መሻገሪያ ናት። እኛ ጣርማ በር እንደምንለው፣ ብሬነርም በር ናት። ነጋዴውም፣ ወታደሩም፣ መንገደኛውም ከጥንት ጀምሮ በዚያ ሲያልፍ ኖሯል።

አሁን በ1900 ገደማ የተላከ የብሬነር ካርድ በእጃችን ይዘናል እንበል። በሥዕሉ ላይ ምን ይታያል? ጠባብ ሸለቆ፣ ጥቂት ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የባቡር ሐዲድ። ባቡር በዚያ ማለፍ የጀመረው በ1867 ነው። ድንበርስ ይታያል? አይታይም። ኬላ አለ? የለም። ለምን ቢባል፣ ከመንደሪቱ በሰሜንም በደቡብም ያለው አገር ቲሮል የሚባል አንድ ግዛት ነበር። ገዢውም አንድ ነበር፤ የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት። ካርዱን ገልብጡት። ቴምብሩ የኦስትሪያ ነው። ሰላምታው የአካባቢው ሰው በሚናገረው በጀርመንኛ ነው።

ቀጥሎ በ1930 ገደማ የተላከ ካርድ እንያዝ። ተራራው ያው ነው። ሸለቆውም ያው ነው። ነገር ግን በሥዕሉ ላይ የድንበር ድንጋይ፣ ኬላና ዘብ ይታያል። ገልብጡት። ቴምብሩ የጣልያን ነው። የመንደሪቱ ስም «ብሬኔሮ» ሆኗል።

መንደሪቱ ከቦታዋ ፈቀቅ አላለችም። ታዲያ እንዴት ወደ ሌላ አገር ሄደች? እሷ አልሄደችም፤ ድንበሩ ነው ወደ እሷ የመጣው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኦስትሪያ ተሸነፈች። በ1919 በተደረገው ውል ድንበሩ በብሬነር ላይ ተሰመረ። ከበሩ በስተደቡብ ያለው የቲሮል ክፍል ለጣልያን ተሰጠ። በብሬነር አካባቢ ያለው ብዙው ነዋሪ ግን ጣልያንኛ ተናጋሪ አልነበረም።

እንግዲህ ካርዱ የማያሳየን ነገር እዚህ ላይ አለ። በ1923 የሙሶሊኒ መንግሥት በዚያ አገር በጀርመንኛ ማስተማርን ማስቀረት ጀመረ። ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩት በማያውቁት ቋንቋ ሆነ። ወላጆች ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። በየእርሻ ቤቱና በየጓዳው በስውር ማስተማር ተጀመረ። ሰው እነዚህን «የካታኮምብ ትምህርት ቤቶች» አላቸው፤ ካታኮምብ ማለት ከመሬት በታች ያለ የመቃብር ዋሻ ነው። ከአስተማሪዎቹ ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። የተያዙት ተቀጡ፤ የታሰሩም ነበሩ። ፊደል ለመቁጠር መደበቅ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ሰዎች ይህን አስቡት!

ይህ ሙሶሊኒ በ1935 ጦሩን ወደ አገራችን ያዘመተው ያው ሰው ነው። በ1939 እሱና የጀርመኑ ሂትለር ተስማምተው ለእነዚያ ሰዎች ከባድ ምርጫ አቀረቡላቸው። ወይ አገራችሁን ትታችሁ ወደ ጀርመን ግዛት ሂዱ፣ ወይ እዚሁ ቆዩና ጣልያን ሁኑ ተባሉ። ቤተሰብ ከቤተሰብ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ። አብዛኛው ሰው ለመሄድ ፈረመ፤ 75,000 ያህሉም ሄደ። በመጋቢት 1940 ሁለቱ ሰዎች በዚያችው በብሬነር ጣቢያ፣ በባቡር ውስጥ ተገናኙ።

ጦርነቱ በ1945 ሲያበቃ የጀርመንኛ ትምህርት ቤቶች እንደገና ተከፈቱ። ከሄዱት ሰዎች ከፊሎቹ ተመለሱ። በ1972 ደግሞ አካባቢው ራሱን በራሱ የሚያስተዳድርበት ሕግ ጸና። ዛሬ በጣቢያው ሰሌዳ ላይ ሁለቱም ስሞች ጎን ለጎን ተጽፈዋል።

በ1998 የኬላው ማገጃ ተነሣ። ሰው ደስ አለው። ይሁን እንጂ በመንደሪቱ ብዙው ሰው የሚኖረው በድንበሩ ሥራ ነበር። የጉምሩክ ሠራተኛው ሄደ፣ የዕቃ አስተላላፊው ቢሮ ተዘጋ፣ ብዙ ቤት ባዶ ቀረ። በ2007 ትልቅ የገበያ አዳራሽ ተከፈተባትና መንገደኛው እንደገና መቆም ጀመረ። አያችሁ? ድንበር ሲመጣም ይጎዳል፤ እንጀራ ከሆነ በኋላ ሲሄድም ያጎድላል።

ይህን ሁሉ ሥዕሉ ብቻውን አይነግረንም። ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው «ያማረ ተራራ አየሁ» ብሎ ያልፋል። ቴምብሩን፣ ስሙንና ቀኑን ያነበበ ሰው ግን «ይህ ሰው ምን ደርሶበት ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል።

በእናንተስ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ወይም በሣጥን ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ፎቶግራፍ የለም? ዛሬ ማታ አውጡት። ጀርባው ባዶ ከሆነ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። እነማን ናቸው? የት ነው? መቼ ነው? የነገሯችሁን በእርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ በጀርባው ጻፉበት። የሚያውቁት ሰዎች ካለፉ በኋላ ፎቶግራፉ አይናገርም። መጻፍ ችላችኋልና አሁኑኑ ጻፉት።